ተንፍሺ፣ ልለካሽ

ሰፈሩ «ከባድ መኪና» ይለኛል። ፊት ለፊት የሚለኝ የለም፤ የሚደፍር ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ከኋላዬ እንደሚሉኝ ግን አሳምሬ አውቃለሁ፣ አልከፋኝምም። ከባድ መኪና ጭነት ይችላል። ባሌን ቀብሬ፣ እህቴን ቀብሬ፣ የእህቴን ልጅ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አሳድጌ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሙሽራ ልብስ ሰፍቼ እዚህ የደረስኩት በምን ይመስላችኋል? በአየር? እግዚአብሔር እኔን ሲሠራ መቀሱ አልሳተም። ጨርቅ አልቆጠበብኝም፣ ይኸው ነው።

ሱቄ አንድ ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር ሁለት የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስተዋት አለ። ከመስተዋቱ አጠገብ ምስማር ላይ የልክ ደብተሬ በገመድ ተንጠልጥሏል። ሥራዬ ሕግ አለው። ሙሽራ ስትመጣ ሦስት ጊዜ እለካታለሁ፤ ቆማ፣ ተቀምጣ፣ እጇን ወደ ላይ አንስታ። ሙሽራ እኮ ቀኑን ሙሉ እንደ ሐውልት ተገትራ አትውልም፤ ትቀመጣለች፣ ትበላለች፣ ትጨፍራለች። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አልናገርም፤ በእርሳስ ደብተሩ ላይ እጽፈውና እዘጋዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንዲት ቃል አለችኝ። ሜትሩን ወገባቸው ላይ ሳዞር ቀጭኗም ወፍራሟም ትንፋሿን ውጣ ሆዷን ወደ ውስጥ ትስባለች። አንዷም ቀርታ አታውቅም። ያኔ ሜትሩን ለቀቅ አደርግና «ተንፍሺ፣ ልለካሽ» እላለሁ። «እኔ የምለካው ዛሬ የመጣውን ገላ ነው፤ ሊመጣ ቀጠሮ የያዘውን አይደለም።»

የእህቴን ልጅ ሚጣ እንላታለን። ስሙ የወጣላት በሕፃንነቷ ነው፤ አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ሲሆን በሩን ሞልታ ነው የምትገባው። የቤታችን ሴቶች ሁላችንም እንዲህ ነን። እጇ ግን ወርቅ ነው። ጥልፉንና የዶቃውን ሥራ እሷ ካልነካችው ሙሽሮቹ አይወዱትም። ያጫት ልጅ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሱቃችን የመጣው የሚያፈስ ቧንቧ ሊጠግን ነበር፤ ቧንቧው በአንድ ቀን ተጠገነ፣ እሱ ግን «ልፈትሸው» እያለ ሦስት ወር ተመላለሰ። እኔም ዝም አልኩ፤ ሞኝ መሰልኩት እንዴ?

ችግሩ የልጁ እህት ናት። የውበት ሳሎን አላት። ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ያየውን ሁሉ የሚለካ። እኔ በሆዴ «ማስመሪያ» አልኳት፣ ቆይቶ አፌም ለመደው። አንድ ቀን ሱቁ ገብታ ስልኳን ከፈተችና ለሚጣ የሙሽሮች ፎቶ ታሳያት ጀመር።

«ይቺን አየሻት? በሁለት ወር አሥራ አምስት ኪሎ! አንቺ ደግሞ ፊትሽ እኮ ያምራል፤ ብቻ ከዚህ በታች ትንሽ ብትቀንሺ…»

«ፊትሽ እኮ ያምራል» የሚሉት ነገር ደሜን ያፈላዋል። የቀረው ሰውነቷ የማን ነው? የጎረቤት?

«የኔ እህት» አልኳት፣ መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ፣ «ወንድምሽ የሚያገባው ሙሉዋን ነው፤ ፊቷን ነጥሎ አይወስድም።»

ሳቀች። ሚጣም ፈገግ ብላ ወደ ዶቃዋ አቀረቀረች። ያን ማቀርቀሯን አይቼዋለሁ፤ ልቤ ግን አልነቃም።

ሰርጉ ሰባት ሳምንት ሲቀረው እኔው ራሴ ለካኋት። ወገቧ 104፣ ዳሌዋ 122። ጻፍኩ፣ ዘጋሁ። በሳምንቱ ሚጣ ምሳዋን ገፋ አድርጋ «አክስቴ፣ ስእለት አለብኝ። እስከ ሰርጌ ሳምንት ድረስ እጾማለሁ» አለችኝ። ስእለት ላይ ያለን ሰው ለምን ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? በእሷና በፈጣሪዋ መሀል ምን ጥልቅ አደረገኝ? እንዲያውም ኮራሁባት። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ለትዳሯ እየጸለየች ነው» ብዬ አወራሁ። አይ እኔ!

ጨርቁን አብረን ነበር የመረጥነው። ከባድ ነጭ ሳቲን፣ ከጥቅሉ የቀረ የመጨረሻው ቁራጭ። ነጋዴው «ከዚህ ሌላ የለም፣ ተጠንቀቂ» ብሎኛል። ደብተሩን ከፍቼ፣ ቁጥሩን አይቼ፣ በጠመኔ አሰመርኩና ቆረጥኩ። ስቆርጠው ጠበብ ያለብኝ መሰለኝ። ይህን ገላ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ያውቀዋል። ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የቆረጥኩት ደብተሬን አምኜ ነው። «መነጽሬን መቀየር አለብኝ» ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ሚጣ ልብሱን አልሞክርም አለች። «ስእለቴ ሳያልቅ አልለብሰውም።» እሺ አልኩ። ቀልዷ ጠፋ። ዶቃ ከእጇ እየወደቀ መልቀም ሥራዋ ሆነ። ከንፈሯ ደረቀ። ማስመሪያ በመጣች ቁጥር «እሰይ! ፊትሽ ሰረጎደ!» ትላታለች፤ ፊት መሰርጎዱ እሰይ የሚያሰኝ መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው።

ሰርጉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ሚጣ የአንዲት ሙሽራ ገበር እየተኮሰች ሳለ ካውያውን እንደያዘች ዘጭ አለች። ዞር ስል ወለሉ ላይ ናት፣ ካውያው አጠገቧ ጨርቅ እያቃጠለ ነው። እንዴት እንዳነሳኋት አላውቅም። ተሸክሜ መንገድ አሻግሬ ክሊኒክ አደረስኳት። ከባድ መኪና የሚሉኝ ሁሉ በየበራቸው ቆመው አዩኝ፤ ደግ አደረጉ።

ነርሷ ጉሉኮስ ሰካችላትና ወደኔ ዞረች። «እናቴ፣ ምን በልታ ነው?»

«ስእለት ላይ ናት» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ሚጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ስእለት አይደለም» አለች።

«ምን?»

«ስእለት የለብኝም አክስቴ። ስእለት ካልኩሽ አትጠይቂኝም ብዬ ነው። ውኃና አንድ ፖም ነው በቀን የምበላው፣ ወር አለፈኝ።» ከዚያ ድምጿ ጭራሽ አነሰ። «ደብተሩንም የነካሁት እኔ ነኝ። አንድ መቶ አራቱን በላጲስ አጥፍቼ ዘጠና አራት አደረግሁት። ዳሌውንም እንደዚያው። እስከ ሰርጉ እደርስበታለሁ ብዬ ነበር።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት ለጨርቁ ነው። ልብስ ሰፊ ነኛ! ያ ሳቲን፣ ያ የመጨረሻ ቁራጭ! ቀጥሎ የራሷ እጅ የኔን ደብተር መንካቱ አንገበገበኝ። ከዚያ ግን ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋውን የጉሉኮስ ቱቦና በካውያ የተላጠ አውራ ጣቷን አየሁ፤ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፣ አንጀቴን በላችው።

ቤት ስንገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የባሰውን ነገረችኝ።

«ሰርጉ ይቅር። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረምና ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን አልገባም።»

«ለምን ሲባል?»

«እግዚአብሔርን ዋሸሁበት አክስቴ። ስሙን ጠርቼ ለወገቤ ጾምኩ። አሁን በዚህ ገላና በዚህ ውሸት እሱ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? የሚለበስ ልብስስ የታል? አልቆምም፣ አልኩሽ!»

ሚጣን አውቃታለሁ። አልቆምም ካለች አትቆምም። ከዚያ ደግሞ ዕድሜ ልኳን በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብላ ልትኖር ነው። ለምን እንደማውቅ ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ኖሬዋለሁ።

ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሻንጣዬን አወረድኩ። ውስጡ የኔ የሰርግ ልብስ አለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየ ዳንቴል፣ ነጭነቱ አልቆ የቅቤ መልክ ይዟል። ላዩ ላይ ፎቶው አለ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ፊት ለፊት ቆሟል፤ እኔ ትልቅ ወንበር ኋላ ቆሜያለሁ፣ ጭንቅላቴና አበባው ብቻ ነው የሚታየው።

«ይቺን ፎቶ በሕፃንነትሽ ስታዪያት ለምን ወንበር ኋላ ቆምሽ ስትዪኝ ምን ነበር የምልሽ?»

«የዚያን ጊዜ ፋሽን ነው።»

«ውሸቴን ነው።»

ልብሱን ገልብጬ ጎኑን አሳየኋት። ከብብት እስከ ዳሌ ተተርትሮ በሌላ ክር የተሰፋ ቦታ አለ። «እኔም አርባ ቀን ጾምኩ። ለእናቴ ስእለት ነው አልኳት። ልብስ ሰፊው 'ስንት ትሆኛለሽ?' ብሎ ጠየቀኝ፣ የምሆነውን ነገርኩት፣ በዚያ ቆረጠ። ለቡራኬ ስንንበረከክ ጎኔ ጧ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰማ። አንዱ ካፖርት ጣለብኝ፣ ፎቶ አንሺው ወንበር አመጣ። አጎትሽ ብቻ ነው ጠጋ ብሎ በጆሮዬ 'እፎይ፣ በቃ አሁን ተንፍሺ' ያለኝ። ሙሽሮቼን ሁሉ የምላቸው ቃል የሱ ነው።»

ሚጣ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። እንባዋ ጠብ ጠብ ይላል።

«አሁን ስሚኝ። እሱን አልዋሸሽውም። ላጲሱን ስታነሺ እያየሽ ነበር። የዋሸሽው እኔን ነው፣ እኔ ደግሞ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ጨርቁን ጨምሬ። ለእግዚአብሔር የሚጾም ለእግዚአብሔር ይጾማል፤ ለሜትር የሚጾም ግን የሚያመልከው ሜትርን ነው። ሜትርን ደግሞ እኔን ጠይቂኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ፕላስቲክ ነው ልጄ፤ ስግደት አይገባውም።»

በእንባዋ መሀል ፍርፍር ብላ ሳቀች። እፎይ፣ ሳቋ ሲመለስ ልጄ ተመለሰች። እንቁላል ጠብሼ በዳቦ አቀረብኩላት፤ መጀመሪያ በጣቷ ነካካችው፣ ከዚያ ሳህኑን ጠረገችው።

በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛው የመሣሪያ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ እየሮጠ ሱቃችን መጣ። ሚጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ስእለቱንም፣ ላጲሱንም፣ የእህቱንም ፎቶዎች። አፉን ከፍቶ አዳመጠና ወደኔ ዞረ።

«እማማ፣ እኔ የቧንቧ ውፍረት እንጂ የሰው ውፍረት ለክቼ አላውቅም። ወገቧ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። ማወቅ ነበረብኝ?»

«አልነበረብህም የኔ ልጅ።»

«እህቴን እኔ አናግራታለሁ።»

«ተወው» አለች ሚጣ። «እኔው አናግራታለሁ።»

ሲሄድ ሁለታችን ተንበረከክን። በቤታችን ጸሎት አጭር ነው። እሷ «ጌታ ሆይ፣ የሠራኸውን ላጠፋ ላጲስ አንስቼ ነበርና ይቅር በለኝ» አለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ያላልኩትን «እኔንም» አልኩ።

ተነሳችና መስተዋቱ ፊት ቆመች። «ለኪኝ» አለች። ሜትሩን ሳዞር እንዳመሏ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፤ እኔም ጠበቅሁ። ነገር ቶሎ ይገባታል፤ ሳልናገር ተነፈሰች። 101። የአንድ ወር ራብ፣ የተቃጠለ ጣት፣ የክሊኒክ አልጋ፣ ሁሉ ተደምሮ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። ቁጥር ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም፣ ያን ዕለት ግን አነበብኩላት። ሚጣ «ሦስት!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሁለታችንም ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን።

የተቆረጠው ሳቲን አይበቃም፤ ጎንና ጎኑ ላይ ጨርቅ መግባት አለበት። ያን ነጭ ሳቲን ነጋዴው ጋም ሌላም ጋ አጣን። እኔም የሰርግ ልብሴን ሻንጣ ከቤት አምጥቼ፣ የራሴን ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ በመቀሴ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስደብቀው የኖርኩት ልብስ ይኼኔ ነው ለሥራ የበቃው።

«ቀለሙ ይለያል» አልኳት። «ከፈለግሽ ግን እደብቀዋለሁ። ከላዩ በስስ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፣ ሰው አያውቅም። ሙያዬ ነው።»

ዳንቴሉን በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። «አትደብቂው» አለች። «ይታይ። እንዲያውም ዳርና ዳሩን ዶቃ አደርግበታለሁ።»

አደረገችም። ሰባት ቀን ሙሉ፣ ምሳዋን እየበላች፣ በታሰረ አውራ ጣቷ ጠለፈችው። ከብብቷ እስከ መሬት በግራም በቀኝም እንደ ቅቤ የለሰለሰ ዳንቴል ወረደ፣ ጠርዙ ያብለጨልጫል። ሃያ ስምንት ዓመት ስሰፋ እንደሱ ያለ ልብስ አልሠራሁም፤ ይህን ስል አልተኩራራሁም፤ እሺ፣ ተኩራራሁ።

ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ማስመሪያ የሚዜ ልብሷን ልትሞክር መጣች። ሚጣ ልብሷን ለብሳ መስተዋቱ ፊት ናት።

«ይሄ ጎኑ ላይ ያለው ቢጫ ነገር ምንድን ነው? ልብሱ ጠበበሽ እንዴ?»

መቀሴን አነሳሁ፤ አፌንም ከፈትኩ። ሚጣ ግን ቀደመችኝ፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።

«አዎ፣ ልብሱ ጠቦ ነበር። እኔ ትክክል ነበርኩ። ስለዚህ ልብሱን አስተካከልነው። ሁለተኛ ደግሞ የሰው ፎቶ አታምጪልኝ፤ የኔን አነሳልሻለሁ።»

ኧረ እልል ማለት ነበር ያማረኝ! ማስመሪያ ፊቷ ቀላ። የሚዜ ልብሷን ለበሰች፤ ወገቡን ላስተካክልላት ሜትሬን አዞርኩ። ይቺ ሆድ የሚባል ነገር ያልተፈጠረባት ሴት፣ ትንፋሿን ውጣ፣ የጎድን አጥንቷ እስኪቆጠር ወደ ውስጥ ሳበች። በመስተዋቱ ዓይኗን አየሁት። እንደ ሚጣ ዓይን ፈርቷል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልወደድኳትም ነበር።

«ተንፍሺ የኔ ልጅ» አልኳት። «እዚህ ቤት ፈተና የለም።»

ቀስ ብላ ተነፈሰች። «ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ጠግቤ በልቼ አላውቅም እማማ» አለችኝ፣ ለመስተዋቱ እንጂ ለኔ አይመስልም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ማስመሪያ ማለቱን ትቻለሁ።

በሰርጉ ቀን ሚጣ ቤተ ክርስቲያኑን መሀል ለመሀል ሄደችበት። አላቀረቀረችም። ሲንበረከኩ ጆሮዬን አቁሜ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያስፈራኝን ያን ድምፅ ስጠብቅ። አንድ ክር አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹ «ጎኑ ላይ ያለው ምን ዓይነት አዲስ ፋሽን ነው?» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ፤ ሁለቱ በሳምንቱ ሱቄ መጥተው እንደሱ ስሪልን አሉኝ።

ውጭ ደረጃው ላይ ለፎቶ ተሰለፍን። ፎቶ አንሺው ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። እጁን አወዛወዘና «እማማ፣ እርስዎ ከኋላ ቢሆኑ ይሻላል፤ ሰው ይሸፍናሉ» አለኝ።

እግሬ ወደ ኋላ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። እግር አመሉን አይተውማ! ከዚያ ቆምኩ።

«ልጄ» አልኩት፣ «ከኋላ ሆኜ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ። አንድ ይበቃል። አንተ ወደ ኋላ ራቅ በል፣ ሁላችንም እንገባለን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም እየሳቀ አምስት እርምጃ ራቀ። ሚጣ ከሙሽራው ማዶ ጎትታ ከፊት፣ ከጎኗ አቆመችኝ። እጇን በወገቤ ዙሪያ አሳልፋ ያዘችኝ፤ ዙሪያውን አልደረሰችም፣ የደረሰችበትን ያህል ያዘች። አገጬን ቀና አደረግሁ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ልጁ ካሜራውን አነሳ። «አንድ፣ ሁለት…»

ሚጣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «አክስቴ።»

«ምን?»

«ተንፍሺ።»

ለካ ትንፋሼን ይዤ ሆዴን ስቤ ነው የቆምኩት! እኔ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሽራን ሁሉ ስታስተነፍስ የኖረችው! እጇ ወገቤ ላይ ነውና ታውቆባት ነው። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ለቀቅሁት፣ ሆዴም በሰላም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። አሁን ሱቄ ውስጥ፣ ከልክ ደብተሩ በላይ ተሰቅሏል። ሙሽሮች ገብተው ሲያዩት «ይቺ መሀል ላይ አፏን ከፍታ የምትስቀው ማን ናት?» ይሉኛል።

«እኔ ነኝ» እላለሁ፣ ሜትሬን ከአንገቴ እያወረድኩ።